የጣሳዎቹ ገመድ

አባቷ ገመዱን እንደገና ሳበው። በአጥሩ ላይ የተንጠለጠሉት ባዶ ጣሳዎች ተንኳኩ፤ ከእህሉ መሃል ግን አንዲትም ወፍ አልተነሳችም። ታክሲው መንገድ ዳር ጥሩምባውን ነፋ። ለወራት የጠበቁት የዓይን ሐኪም ቀጠሮ ሊያልፍ ነበር።

«ወፎቹ ተነሱ?» አላት ልጁን።

«ምኑ ነው የሚነሳው? አባዬ፣ እናንተ ገበሬዎቹ የተባይ መድኃኒቱን ስትረጩ፣ ቁጥቋጦውን ስትመነጥሩ ወፎቹ ከጠፉ ስንት ዓመታቸው? ና እንሂድ።»

«አንቺ ከስልክሽ ቀና ሳትዪ ምኑን ታያለሽ? ድሮ ይሄን ስስብ ሰማዩ ይጠቁር ነበር። እህሌን ለእነዚያ ሌቦች ጥዬ የትም አልሄድም። ዓይኔ እንደሆነ ምንም አልሆነም።»

ትዕግሥቷ አለቀ። ገመዱን ከእጁ ነጥቃ ባለ በሌለ ኃይሏ ጎተተችው። ጣሳዎቹ ተንጫጩ፤ አንዱ ወድቆ እግሯ ሥር ተንከባለለ። ማሳው ላይ ምንም አልተንቀሳቀሰም።

«ይኸው። አየህ?»

አባቷ ሞራ የጋረዳቸውን ዓይኖቹን ወደ ሰማይ አንስቶ ብዙ ቆየ።

«አላየሁም» አለ በመጨረሻ፣ ሸክም እንደወረደለት ሰው። «እንግዲያው ዓይኔ ነው።»

ኮቱን አራግፎ ቀድሟት ወደ ታክሲው ሄደ። «ቶሎ በይ እንጂ፣ ሐኪሙ አንቺን ሲጠብቅ ይዋል? ሞራው ይገፈፍልኝና መጥቼ ወፎቹን አያቸዋለሁ።»

ልታርመው አፏን ከፈተች። ታክሲው እንደገና ጮኸ። አፏን መልሳ ዘጋችና የመኪናውን በር ከፈተችለት።