የጎማው ጠጠር

«ወንድሜን ገደልከው!» እያለ ሰውየው ጎሚስታውን ይልቃልን በጎማ ማውለቂያው ብረት ሁለት ጊዜ አናቱን አለው። ይልቃል ደም በደም ሆኖ ግድግዳው ሥር ተዘረረ።

«የሞተር ሳይክሉ ጎማ ውስጥ ይህን ጠጠር ጨምረህ፣ ጎማውን ከውስጥ አስበልተህ ገደል ሰደድከው!» ከኪሱ አንድ እፍኝ ድቡልቡል ጠጠር አውጥቶ ፊቱ ላይ በተነበት።

«ጠጠር አይደለም» አለ ይልቃል ደሙን እየተፋ። «የጎማውን ሚዛን የሚያስጠብቅ ነው። ሲፈጥን መሪው እየተንቀጠቀጠ ቢያስቸግረው፣ ወንድምህ ራሱ ገዝቶ አስጨመረኝ። ሲሞት ግን ጎማው ውስጥ አንድም አልነበረም፤ ከአደጋው በኋላ ከፍቼ አይቻለሁ። አንተ ከየት አገኘኸው?»

ሰውየው ብረቱን ዝቅ አደረገ። ወንድሙ በሞተበት ጉዞ ዋዜማ ጎማው ሲንኮሻኮሽ ሰምቶ፣ ለወንድሙ ደግ የሠራ መስሎት፣ አንድ ሳያስቀር ያራገፈው ራሱ ነበር።

ዙሪያውን ቃኘ። የሰማ የለም። ብረቱን እንደገና አነሣ።