ሰዓትሽን ምቺ

ፈረሷን ቼዝ ሰሌዳው ላይ ካሰበችበት ቦታ አሳረፈች፣ እርምጃዋን ወረቀቱ ላይ ጻፈች፣ ከዚያም ወንበሯን ተደግፋ ጠበቀች። ጥሩ እርምጃ ነበር። ጥሩ መሆኑን ስለምታውቅም ደስታዋ እንዳይታወቅባት ፊቷን አጨፍግጋለች።

ከፊቷ የተቀመጠው አሠልጣኟ ነው። ቼዝ ያስተማራት እሱ፣ በአርባ ዓመቷ የክለቡን በር ስታንኳኳ "ልጅሽን ልታስመዘግቢ ነው?" ብሎ የጠየቃትም እሱ። ከዚያ ወዲህ ሦስት ዓመት አልፏል። ቀን የሰው ጥርስ ስትነቅልና ስትሞላ ትውላለች፤ ሲመሻሽ ደግሞ ክለቡ ሄዳ ከሕፃናት ጋር ትጋጠማለች። ሕፃናቱ የወተት ጥርሳቸው እየተነቃነቀ ያሸንፏት ነበር። አንዳንዱንማ በማግስቱ ክሊኒኳ እናቱ ይዛው ስትመጣ ታገኘዋለች፤ መንቀሉን በደስታ ነው የምትነቅልለት።

ዛሬ የክለቡ ውድድር የመጨረሻ ዙር ከመምህሯ ጋር አገናኛት። የክለቡ ቡድን አምስት ቦታ አለው፤ አምስተኛው ለብዙ ዓመት የእሱ ነበር። ካሸነፈች ቦታው የእሷ ነው። ከተሸነፈች ወይም እኩል ከወጡ ግን እሱው ይቆይበታል። ጨዋታው ደግሞ ወደ እሷ አድልቷል። አንድ ፈረስ ትበልጠዋለች፤ ዳር ዳሩን የምትሄደው ወታደሯም ንግሥት ለመሆን ሁለት እርምጃ ብቻ ይቀራታል።

አሠልጣኙ እጁን አጣምሮ ኮርኒሱ ላይ ያለውን መብራት ያያል። ያስብ፣ አለች በሆዷ፤ የሚያስብበት ነገር ሰጥቼዋለሁ። ውሃ ጠጣች። የጎረቤት ጠረጴዛውን ጨዋታ በዓይኗ ጎበኘች። እሱ አሁንም መብራቱን ያያል።

ዓይኗ ሰዓቱ ላይ ሲያርፍ ክው አለች። እየሄደ ያለው የእሷ ነው። እርምጃዋን ጽፋ፣ የእሷን አቁሞ የእሱን የሚያስነሳውን ቁልፍ መምታት ረስታለች፤ ይኼን ሁሉ ጊዜ የገዛ ደቂቃዋ ሲያልቅ እሷ ቁጭ ብላ ውሃ ትጠጣለች። ሃያ ደቂቃ የነበራት ሰው ሁለት ቀርቷታል፤ እሱም ካለቀ ተሸነፈች ማለት ነው።

ሰዓቱን መታችው። ዳኛው ድምፁን ሰምቶ ቀና ብሎ አያት፤ ግን ጠርታ የምትለው ነገር የለም። ተጋጣሚ ሰዓትሽን እንዲያስታውስሽ የሚያስገድድ ደንብ የለም። ይኼንንም ያስተማራት ይኸው ሰውዬ ነው። ደሟ ፈላ። ጥርሷን ነከሰች፤ ታካሚዎቿን በየቀኑ የምትቆጣበትን ነገር።

አሠልጣኙ ወዲያው ንጉሡን ወደ ጎን አንቀሳቅሶ ሰዓቱን መታ። ለካ ሲያስብ አልነበረም። ከዚያ ዓይኑን በጨው አጥቦ ጎንበስ አለና፣

"እኩል እንለያይ፣ ልጄ" አላት። "ሰዓትሽም አልቋል። ለአንቺ ይኼም ትልቅ ነገር ነው።"

ልጄ ማለቱ አንጀቷን አቃጠለው። ፈገግ ሲል የሚታየው የፊት ጥርስ ራሱ የእጇ ሥራ ነው፤ መምህሬ ነው ብላ አስተካክላ፣ ለክታ፣ ሁለት ጊዜ አፍርሳ የሠራችለት። ሦስት ዓመት ሙሉ እርስዎ ስትለው የኖረችውን ሰው በሆዷ አንተ ማለት ጀመረች። አንተ ሌባ። አንተ የማታፍር። ሰሌዳውን ገልብጣ ፊቱ ላይ ልትበትነው ቃጣት።

እጆቿን ጭኖቿ ሥር ከታ ተቀመጠችባቸው። ስትናደድ እንዲህ እንድታደርግ የመከራትም እሱ ነው፤ የምትጠላው ሰው ያስተማራትን እየተጠቀመች መሆኗ ንዴቷን አባሰው።

ሰከንዶቹ ይወርዳሉ። በልምምድ ጊዜ ሰዓቷን ያልረሳችበት ቀን የለም። ያኔ ዝም ብሏት አያውቅም። "ሰዓትሽን ምቺ" ይልና፣ እጇ እስኪደርስ እንኳ ሳይጠብቅ በራሱ ጣት ይመታላት ነበር፤ እየሳቀ፣ የሕፃን አፍንጫ እንደሚጠርግ ሰው። ዛሬ ምን ነካው?

ቀና ብላ አየችው። መልሶ መብራቱን ያያል።

ይኼን አስተያየት ታውቀዋለች። የክሊኒኳ ወንበር ላይ የሚጋደም ሁሉ እንዲህ ነው የሚያየው። ደረቱን ነፍቶ የገባው ሁሉ መርፌው ብቅ ሲል ዓይኑን መብራቱ ላይ ይተክላል፣ እሷን ላለማየት። ሕፃን ሳለች፣ ማለትም ሕፃን አድርጎ ሲያያት፣ ሰዓቷን መምታት ምንም አያስከፍለውም ነበር። አሁን ግን ፈርቷል። የፈራውም እሷን ነው።

ንዴቷ አልበረደም። ግን ሰሌዳውን የመገልበጥ ሐሳቧን ተወች።

"አልፈልግም" አለችው። እጇን ከጭኗ ሥር አውጥታ ወታደሯን ወደፊት ገፋች፤ ሰዓቱንም መታች። ከእንግዲህ የቀራት አንድ እርምጃ ነው፤ የሚያግዳትም የለም።

አሠልጣኙ ሰሌዳውን አየ። ንጉሡን አነሳ። አንድ ቤት ወሰደው፣ ለቀቀው፣ እጁንም መልሶ ብብቱ ውስጥ ከተተ። ሰዓቱን ረሳው።

የሚሄደው አሁን የእሱ ነው። እሷም ኮርኒሱን እያየች መጠበቅ ትችላለች፤ ደንቡ ለእሷም ይሠራል። አልተፈተነችም ማለት ውሸት ነው። ተበልተው ዳር ከተቀመጡት መካከል ወታደሯ የምትሆነውን ንግሥት አነሳች፣ በመዳፏ ያዘቻት፣ ከዚያም ታካሚን አፍህን ክፈት በምትልበት ድምፅ፣

"ጋሼ፣ ሰዓትዎን ይምቱ" አለችው።

የጎረቤት ጠረጴዛዎች ዞረው አዩ። አሠልጣኙ እጁን ሰደደ፤ ሰዓቱን ስቶ ጠረጴዛውን መታ። እሷ ንግሥቷን እንደያዘች እንደገና እስኪመታ ጠበቀችው።