ያልተነቃነቀው መስመር

ሽማግሌው የፊዚክስ መምህር ከዘራቸውን ግድግዳ አስደግፈው ወደ ስክሪኑ ጎንበስ ሲሉ፣ የቀድሞ ተማሪያቸው ከጎናቸው ቆመች። ከወጣትነቷ ጀምሮ አዲስ ቅንጣት ስትፈልግበት የኖረችው መሣሪያ በማግስቱ ሊፈታ ነበር፤ የውጤቱ መስመር ግን እንደ መጀመሪያው ቀን ዜሮ ላይ ተኝቷል።

«እናንተ ጠረጴዛ ላይ በሚያርፍ ዕቃ ስንቱን አገኛችሁ!» አለች ሳይጠይቋት። «እኛ ሕንፃ የሚያህል ሠርተን እንኳ… ዕድሜዬን በከንቱ ፈጀሁት መሰለኝ፣ ጋሼ።»

«እኛ ያገኘነውማ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ይጠብቀን ነበር። የቀረው ሩቅ ነው። አሁን ዝም በይ፣ አንቺ ለፍላፊ!»

እጃቸውን ዘርግተው ስክሪኑን በጥፍራቸው ጠቅ ጠቅ አደረጉት። በድሮው ላቦራቶሪ የመለኪያው መርፌ ዜሮ ላይ ሲቆም፣ ተጣብቆ እንዳይሆን መስታወቱን እንዲህ ጠቅ ጠቅ ሳያደርጉ ለማንም ተማሪ «ጻፊው» አይሉም ነበር። ስክሪን መርፌ እንደሌለው ልትነግራቸው አፏን ከፈተችና ተወችው።

መስመሩ ንቅንቅ አላለም። መምህሩ ቀና ብለው እንደዚያን ጊዜው ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ።

«አልተጣበቀም» አሉ። «ዜሮሽ እውነተኛ ነው። ጻፊው።»