ሽንኩርቱ ደርሷል?

ስኳር ለመተው ዓመታት ታግዬ ሲያቅተኝ ጤና ጣቢያ ሄጄ ጠብታዋን ወሰድኩ። ጠብታዋ ምላስን ለጥቂት ቀን ሰማያዊ ታደርጋለች፤ ጣፋጭ የሚባል ነገር ግን ከወሰዷት ሰዓት ጀምሮ ዕድሜ ልክ አይቀመስም። ኬክ እንጨት እንጨት ይላል፣ ብርቱካን ሆምጣጤ ነው። ክብደቴ ቀነሰ፤ ሐኪሟም አመሰገነችኝ።

ያስቸገረኝ ወጥ ነው። ሽንኩርት ሲቁላላ ቀለሙ ያታልላል፤ መድረሱ የሚታወቀው ሲጣፍጥ ነው። ስለዚህ ባለቤቴን ደርብን እጠራዋለሁ። እሱ ስኳሩ ከፍ ብሎም ጠብታዋን አሻፈረኝ ብሏል። ከማማሰያው መዳፌ ላይ ጠብ አድርጌ አቀምሰዋለሁ። "ገና ነው ትርንጎዬ" ይላል፤ ወይም "በርበሬውን ጨምሪ።" ድሮ ማዕድ ቤት ደጃፍ ዝር የማይል ሰው ወጥ ቤቴ ውስጥ ያዝዝ ጀመር። አልጠላሁትም።

ቅዳሜ ልጃችን እጮኛዋን ይዛ ልትመጣ ዶሮ እየሠራሁ ጠራሁት። መዳፌን ላሰና አፉን በእጁ ከለል አደረገ።

"ደርሷል" አለኝ።

"እስቲ ምላስህን አውጣ።"

ሰማያዊ ነው።

"ዛሬ ጠዋት ነው የወሰድኩት" አለ። "ሐኪሟ 'ዓይንህ ሊጠፋ ነው' አለችኝ።"

"አበጀህ" አልኩትና በርበሬውን ጨመርኩ። እንግዶቹ በሉ፤ የልጄ እጮኛ ግን ሁለተኛ አልጨመረም።

በማግስቱ ምስር ወጥ ልሠራ ሽንኩርት ስጥድ ደርብ ሳልጠራው መጥቶ ቆመ። መዳፌን ዘረጋሁለት። ቀምሶ ትንሽ አሰበ።

"ገና ነው ትርንጎዬ" አለ።

እሳቱን ቀነስ አድርጌ ማማሰል ቀጠልኩ።