ቀትር ላይ የሚወርደው ቁጥር

ሟች ወንድሜ በመስታወት ገንዳ ያሳድጋቸው የነበሩት የባሕር ፍጥረታት፣ ኮራሎቹ፣ እየነጡ ነው። መብራት ሲበራላቸው የገንዳው ፒኤች፣ ዝቅ ሲል ውሃው መኮምጠጡን የሚናገረው ቁጥር፣ መውጣት ሲገባው፣ ሰሞኑን በጠራራ ቀትር ይወርዳል። የተዘጋ ክፍል ውስጥ ሰው ሲቆይ ትንፋሹ ውሃውን ያኮመጥጠዋል።

«አንተ ነህ እዚያ ተወሽቀህ የምትውለው!» አለችኝ የወንድሜ ሚስት። «ወንድምህን በቁሙ መተንፈሻ አሳጣኸው፤ አሁን ደግሞ ኮራሎቹን!»

«እግዜር ያውቃል እትዬ፣ አልገባሁም።»

«እግዜርን ተወውና ቁልፉን አምጣ!»

የገንዳውን ክፍል ፈትሻ ማንም እንደሌለ አይታ መስኮቱን ከፈተች። በሩን ቆልፋ ቁልፉን ደረቷ ውስጥ ሸጎጠች። ኮሪደሩ ላይ ተቀምጠን፣ መለኪያው ወደ ስልኳ የሚልከውን ቁጥር ስናይ ቆየን። በአንድ ሰዓት ውስጥ ወጥቶ ጤናማው ስምንት ነጥብ ሁለት ደረሰ።

«አየህ? አንተ ስትወጣለት ነፍስ ዘራ። ዛሬውኑ ቤቴን ልቀቅ!»

መሄጃ የለኝም። አንገቴን ደፍቼ በልቤ እየጸለይኩ ሳለሁ፣ ከበሩ ወዲያ መስኮቱ ቀስ ብሎ ሲዘጋ ሰማሁ። መቀርቀሪያውም ተሸጎረ።

እሷም ሰምታለች። ስልኩ ላይ ስምንት ሆነ፣ ሰባት ነጥብ ስምንት፣ ሰባት ነጥብ ስድስት።

ቁልፉን ከደረቷ አውጥታ ጭኔ ላይ ወረወረችው።

«አንተ ክፈትለት» አለችኝ። «ወንድምህ ነው።»