ቁጥር 17

በ2003 ዓ.ም. ኮምቦልቻ በሚገኝ አንድ የመንግሥት ጽሕፈት ቤት የነበረው ላፕቶፕ አንድ ብቻ ነበር። የሕዝብ ንብረት ስለሆነ ከኃላፊው ከአቶ ፈንታሁን በቀር ማንም አይነካውም።

የአቶ ፈንታሁን ቤት ደሴ ነው። የሥራ ፍቅር እረፍት ስለማይሰጣቸው አርብ አርብ ላፕቶፑን ፈርመው፣ በብብታቸው ይዘው የሐረጎን ዳገት ይወጣሉ። ሰኞ ጠዋት ይመልሱታል። ቻርጀሩ ግን አይሄድም። ለእሱ ሌላ ፎርም ያስፈልጋል፤ ፎርሙ ካለቀ ዓመት ሆኖታል።

ንብረት ክፍሏ ሰዒዳ ጠንቃቃ ናት። ዕቃው ሁሉ ላይ በራሷ ቀይ የጥፍር ቀለም ቁጥር ትጽፍበታለች። ላፕቶፑ ከሥሩ 17 ነው፣ ቻርጀሩም 17። ቻርጀሩን ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፋ ታስቀምጠዋለች፤ ቁልፉ ከአንገቷ አይወርድም።

አንድ ሰኞ ላፕቶፑ ቁጥሩ እንኳ እስኪጠፋ ተወልውሎ መጣ።

«አላህ ይስጥልኝ ጋሼ፣ እንዴት አሳምረውታል!» አለች ሰዒዳ።

ጸሐፊዋ የኔነሽ ቻርጀሩን ስትሰካው ስክሪኑ ላይ ጽሑፍ መጣ። ዓይኗን አጥብባ አነበበችው።

«ይሄን ቻርጀር አላውቀውም፣ ባትሪም አልሞላም ይላል።»

«የራሱን ቻርጀር እንዴት አያውቅም?» አሉ አቶ ፈንታሁን። «ተቀይሯል ማለት ነዋ!»

ሁሉም የሰዒዳን አንገት አየ።

ረቡዕ ግምገማ ተጠራ። አጀንዳው «በንብረት ክፍል የታየ የኪራይ ሰብሳቢነት አዝማሚያ» ይላል። ሰዒዳ ግለሂስ እንድታደርግ ተጠየቀች።

«ወላሂ፣ እጄ ካለበት ይቆረጥ! አስራ አንድ ዓመት አንድ እስክሪብቶ ጎድሎብኝ ያውቃል?»

ቃለ ጉባኤው ላይ «ራሷን ተከላክላለች» ተብሎ ተጻፈ። ጥፋቱ ከተረጋገጠ ከሥራ ትባረራለች፣ ክስም አለ። ሁለት ልጆች የምታሳድገው ብቻዋን ነው። እውነቱን ለመናገር አንጀት ትበላ ነበር፤ ግምገማ ግን አንጀት የለውም።

አቶ ፈንታሁን አጣሪ ኮሚቴ አቋቋሙ። «ለአንድ ቻርጀር ደሴ ድረስ መንከራተት አያስፈልግም፣ እዚሁ ይታይ» ብለው መመሪያ ሰጡና ለሥልጠና ባሕር ዳር ሄዱ።

የኮሚቴው ሰብሳቢ ምንተስኖት ግን ነገር አዋቂ ነው።

«እዚሁ ከታየ አበል የለም» አለ። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ። ደሴ ይታይ።»

በሙሉ ድምፅ ጸደቀ።

ሚኒባሱ ውስጥ ላፕቶፑን ምንተስኖት፣ ቻርጀሩን ተከሳሿ፣ ቃለ ጉባኤውን የኔነሽ ታቅፈው ሐረጎን ወጡ። ሰዒዳ መንገዱን ሙሉ ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር፤ ዱዓ ታደርጋለች።

ደሴ ፒያሳ ወርደው መጀመሪያ ያገኙት የኮምፒውተር ጠጋኝ ሱሀይብ ይባላል። ቻርጀሩን አገላብጦ አየና ፊቱ በራ።

«አላህ ነው የላካችሁ! ይሄን ዓይነት ስፈልግ ሳምንቴ። ደሴን ባስሰው የለም።»

ምንተስኖት የኔነሽን በክርኑ ነካ አደረጋት። «ጻፊ። ቻርጀሩ ገበያ ያለው መሆኑ ተረጋግጧል።»

ሰዒዳ እንባዋ መጣ። «ወንድሜ፣ ለነዚህ ሰዎች እውነቱን ንገርልኝ። ይሄ ቻርጀር የውሸት ነው?»

«ኧረ ኦርጅናል ነው!»

«ታዲያ ላፕቶፑ ለምን አላውቀውም አለ?» አለ ምንተስኖት።

ሱሀይብ ከመደርደሪያው ሌላ ላፕቶፕ አወረደ። ቻርጀር ያጣ የደንበኛው ዕቃ ነው። ሰካበት። መብራቷ ቦግ አለች።

«ይኸው! ልክ ለሱ የተሠራ» አለና ከሥሩ የተጻፈውን የሞዴል ስም ሊያሳያቸው ገለበጠው።

ከሥሩ በቀይ የጥፍር ቀለም 17 ተጽፏል።

ሰዒዳ የራሷን ቀለም በጣቷ ዳሰሰችው። የኔነሽ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ሱሀይብ ግን ደስታው ፋታ አልሰጠውም፤ ስልኩን አንስቶ ደወለ።

«ሄሎ፣ ጋሽ ፈንታሁን? እንኳን ደስ አለዎት፣ ለላፕቶፕዎ ቻርጀር ተገኘ!»