ጋዜጣውን የሚያነበው ማን ነው?

አስተርጓሚዋ ትርንጎ አንድ ማስጠንቀቂያ አለባት። ባለፈው ክረምት ለአንዲት እናት ስታስተረጉም ከራሷ ምክር ጨምራ ተገኘች። ከደገመች ከአስተርጓሚዎች መዝገብ ትሰረዛለች፤ ሌላ ሙያ ደግሞ የላትም። ምን ታድርግ፣ ሳይጠሯት አቤት ማለት አመሏ ነው።

የዛሬው ባለጉዳይ አቶ ተክሉ ይባላሉ። ኦስሎ፣ ሮምሶስ ሰፈር የሚኖሩ፣ አነስተኛ የጽዳት ድርጅት ያላቸው ሽማግሌ ናቸው። የግብር ቢሮው መተላለፊያ ላይ ተገናኙ።

«ቶልክ፣ አስተርጓሚ አልጠየቅኩም እኮ፣ ልጄ» አሏት። «አስተርጓሚ ይፈልጋሉ የሚለውን ስልኬ ላይ ሳላይ ተጭኜው ይሆናል።»

«አያስቡ፣ እርስዎ አይከፍሉም።»

«ኔይ፣ አይ፣ ለሱ አይደለም። ከመጣሽ ደግሞ ተመለሺ አልልሽም፤ እንጀራሽ ነው።»

አፍረው ነው፣ አለች ትርንጎ በልቧ። ሽማግሌው አንጀቷን በሏት።

ውስጥ የግብር ሠራተኛዋ ማመልከቻውን ገለጠች። አቶ ተክሉ ለአንድ ዲጂታል ጋዜጣ የከፈሉት የዓመት ክፍያ የሥራ ወጪ ነው፣ ከግብሬ ይቀነስልኝ ብለዋል። ጋዜጣው የኖርዌጅኛ ነው።

«አስተርጓሚ የሚያስፈልገው ሰው ይህን ጋዜጣ እንዴት ያነበዋል?» አለች ሠራተኛዋ።

ትርንጎ ሳትጨምር ሳትቀንስ አስተላለፈች።

«በመነጽር ነዋ» አሉ ሽማግሌው።

መልሳቸውን ስትተረጉም ሠራተኛዋ ፈገግ አላለችም። «ሐሰት ሆኖ ከተገኘ ቅጣት አለው። ለሥራ ብቻ ነው የሚጠቀሙበት?»

አቶ ተክሉ ትንሽ አሰቡ። «የጽዳት ጨረታ እከታተልበታለሁ። እውነቱን ለመናገር ግን ግማሹ ለራሴ ነው። ኳስ አነብበታለሁ።»

ሰውየው በገዛ አፋቸው ጉድጓዳቸውን ቆፈሩ። ትርንጎ ማስጠንቀቂያዋን አስታወሰች። ያሉትን እንዳለ ብታስተላልፍ እሷ ትድናለች፣ እሳቸው ግን ይቀጣሉ። አባቷን የሚያክሉ ሰው ናቸው፤ ፈራች፣ አዘነችም።

«ለሥራ ብቻ ነው ይላሉ» አለች በኖርዌጅኛ።

ሠራተኛዋ መጻፍ ጀመረች።

አቶ ተክሉ ወደ ሠራተኛዋ ዞሩና፣ ኦስሎ ተወልዶ ካደገ ሰው በማይለይ ኖርዌጅኛ፣ «ይቅርታ፣ እኔ እንደዚያ አላልኩም» አሉ።